ለኦርፋ እግሮች የተላከ ዳልስ

ዳርክ ሃርበር፣ ግራንድ ማናን ደሴት
ማርች 9 ቀን 1958

ለእህቴ ለኦርፋ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በመዘግየቴ ይቅርታ አልጠይቅም። የፖስታ ጀልባዋ በማዕበሉ ምክንያት አልመጣችም፤ እኔም ሳላነብ መልስ አልሰጥም። ጤናዬን ለጠየቅሽኝ ደህና ነኝ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ እግሬ ላይ ግን አንድ ያበጠ ደም ሥር የለም።

ስለ አንቺ እግር የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ደም ሥሮቹ ከጉልበትሽ በታች እንደ ገመድ ተጠማዘው መውጣታቸውን፣ ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ ያለው ቁስል አልሽር ማለቱን፣ ከዚህ በኋላ በላውንደሪው የካውያ ማሽን ፊት መቆም እንዳትችዪ መፍራትሽን ሁሉ ተረድቻለሁ። ስለ አንገትሽ ግን አንድ ቃል አልጻፍሽም። እኔ አልረሳሁም። በድርቁ ዘመን ከባልሽ ከነፍሰ ኄር ክላረንስ ጋር ተነሥተሽ በላክሽልኝ ፎቶግራፍ ላይ ጉሮሮሽ ሥር የእንቁላል ያህል እብጠት ነበር። እንቅርት ነው። ከባሕር በራቀው በእናንተ ሜዳ አፈሩም ውሃውም አዮዲን የለውም።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ማንበብ እስክችል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። እዚህ መደርደሪያዬ ላይ ያለው የቤት ሐኪም መጽሐፍ በግልጽ ይናገራል፦ የአንገት ዕጢ ሲሰንፍ ሰውነት ይከብዳል፣ ደም ይዘገያል፣ የዘገየ ደም እግር ውስጥ ይከማቻል፣ ደም ሥርም ያብጣል። ታይሮይድ ይሉታል ዕጢውን። ሐኪምሽ እግርሽን እያየ በሽታውን አንገትሽ ላይ ትቶታል።

በጨርቅ ከረጢት ዳልስ ልኬልሻለሁ። ልጅ ሳለሽ ከቋጥኙ እየለቀምሽ ስትበዪው የኖርሽው ያው ቀይ የባሕር ቅጠል ነው፣ ጣዕሙን አልረሳሽውም። በቆርቆሮው ያለው ደግሞ የተፈጨ የባሕር አረም ነው፣ ሾርባ ላይ ነስንሺው። ዳልሱን ጠዋት አንድ እፍኝ፣ ማታ አንድ እፍኝ ብዪ። ሳታቋርጪ።

ወንድምሽ አላንሰን ጋፕቲል


ሆልምዴል፣ ሳስካችዋን
ኤፕሪል 20 ቀን 1958

ውድ ወንድሜ አላንሰን፣

ይቅርታ ባትጠይቅም እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ከረጢቱን የከፈትኩት ላውንደሪ ውስጥ በምሳ ሰዓት ነበር፣ እዚያ መክፈት አልነበረብኝም። ሽታው እስከ ጓሮ ወጣ። አጠገቤ የምትሠራውን ኦሌናን ነግሬሃለሁ፣ ዩክሬናዊቷን። አፍንጫዋን ይዛ መጣች።

«ይሄ ምንድነው? የፈረስ ልጓም ነው የምትበዪው?»

«የወንድሜ መድኃኒት ነው።»

«ወንድምሽ ይወድሻል ወይስ ቂም አለው?»

«ቅመሺው እስቲ።»

ቀመሰች። ብዙ ካኘከች በኋላ «ቂም ነው» አለችና ተነሥታ ሄደች።

እኔ ግን የመጀመሪያውን ቅጠል አፌ ውስጥ ሳደርገው ዓይኔ እንባ ሞላ። ቁስሉ እንዳለ ነው። ደህና እተኛለሁ። ልጄ ቬርና ሰላም ብላሃለች። የምታስተምራቸው ልጆች የባሕር ቅጠል አይተው ስለማያውቁ አንዱን ወስዳ አሳይታቸዋለች። እንዳዘዝከኝ ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ።

እህትህ ኦርፋ


ዳርክ ሃርበር
ጁን 15 ቀን 1958

ለእህቴ ለኦርፋ፣

በሜይ ደብዳቤሽ እንደጻፍሽው ቀሚስሽ ሰፋሽ፣ የእግርሽ እብጠት ጎደለ፣ በሥራሽም የሃያ ዓመት ልጅ ሆንሽ። አልገረመኝም። መጽሐፉ ያለው ይህንኑ ነው። ደምሽ ተንቀሳቀሰ ማለት ነው።

ልብሽ አንዳንዴ ስለሚዘልበት ጠይቀሽኛል። ለብዙ ዓመት ቆሞ የኖረ ሞተር ሲነሣ እንደዚያ ይላል። አትፍሪ። የሚሰማሽ ሙቀትም ከዚያው ነው። ቁስሉ ገና ስላልደረቀ አንድ እፍኝ በቀትር ጨምሪ። አዲስ ከረጢት በዚህ ጀልባ ይላክልሻል። ባሕሩ በጣም በሸሸበት ቀን ከታችኛው ቋጥኝ የለቀምኩት ነው፣ ጠጠር ላይ ዘርግቼ በአንድ ፀሐይ ያደረቅኩት። የዝናብ ጠብታ አልነካውም።

እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ።

አላንሰን


ሆልምዴል
ኦገስት 24 ቀን 1958

ውድ ወንድሜ፣

ጽሕፈትሽ ለምን ተበላሸ ብለህ ተቆጥተሃል። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው እንጂ ቸኩዬ አይደለም። ይህን አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ጀምሬዋለሁ። አትቆጣኝ።

መክሳቴ ከጠበቅሁት አልፏል። ኦሌና «ልብሱን ስትተኩሺ አንቺንም አብሮ እንዳይወስድሽ» እያለች ትስቅብኛለች፣ ከዚያ መሳቋን ትታ ታየኛለች። ስለ ክንዴ ከቬርና የምትሰማው ቢኖር የተጋነነ ነው። ማሽኑ ላይ ትንሽ ተቃጠልኩ፣ ሌላ ነገር የለም።

ቬርና ሐኪሙ ጋ ወስዳኛለች። ወጣት ነው፣ ጥሩ ልጅ። እግሬን ሊያይ ተቀመጠና አንገቴን ማየት ጀመረ።

«ወይዘሮ ቴት፣ ከተለመደው ምግብ ውጭ የሚወስዱት ነገር አለ?»

«ወንድሜ ከላከልኝ ዳልስ በቀር ምንም።»

«የባሕር ቅጠል? ምን ያህል?»

ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። «ዛሬውኑ ያቁሙት» አለ።

«ወንድሜ አቁሚ ካለኝ አቆማለሁ።»

«ወንድምዎ ሐኪም ናቸው?»

«አይደለም። ግን ቃሉን አጥፎ አያውቅም።»

ቬርና እዚያው አለቀሰች። እኔም አፈርኩባት። አየህ፣ አንተን ለማንም አሳልፌ አልሰጥህም። ምን ላድርግ? ያልከኝን አደርጋለሁ።

ኦርፋ


ሆልምዴል
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1958

ለተከበሩ አጎቴ፣

ተገናኝተን ስለማናውቅ በድፍረት መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። እናቴ ይህን ደብዳቤ እንደጻፍኩ አታውቅም።

እናቴ እየሞተች ነው። ቃሉን አለሳልሼ ልጽፈው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ተቀምጣ እያለች ልቧ እንደሚሮጥ ሰው ልብ ይመታል። ሌሊቱን አትተኛም። ባለፈው ወር ማሽኑ ላይ ወድቃ ክንዷ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ዕጢዋ ሰንፎ አልነበረም። ለብዙ ዓመት አዮዲን ተርቦ አብጦ የኖረ ነው፤ አሁን ድንገት በብዛት ሲያገኝ ልጓሙን በጠሰ። ስለ ደም ሥሮቹ ጠየቅሁት። «የታይሮይድ ስንፍና ከእግር ደም ሥር ጋር ሊገናኝ ይችላል የሚሉ አሉ፣ የተረጋገጠ ግን አይደለም። የእናትሽ እግር የታመመው ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ በመሥራቷ ነው» አለኝ።

በትልቁ ከተማ መድኃኒት አለ። ነገር ግን ዕጢው በአዮዲን እንደጠገበ መድኃኒቱን አይቀበልም። መጀመሪያ ዳልሱን ትታ ለወራት መቆየት አለባት። እሷ ደግሞ እኔንም ሐኪሙንም አትሰማም። የሚያስፈልገኝ ከእርስዎ አንድ ቃል ብቻ ነው። «አቁሚ» ብለው ይጻፉላት።

የእህትዎ ልጅ ቬርና ቴት


ዳርክ ሃርበር
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1958

ለቬርና ቴት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጨዋ ልጅ ነሽ፣ ጽሕፈትሽም ጥሩ ነው። አልጽፍላትም።

ሐኪምሽ ወደዚህ ደሴት ይምጣና በዳልስ የሞተ አንድ ሰው ያሳየኝ። አባቴ ጥርስ ካወጣ ጀምሮ እስኪሞት በልቶታል። እኔ እበላዋለሁ። ሕፃናቱ ጥርሳቸው ሲያሳክካቸው ይሰጣቸዋል። በሜዳ የተወለደ ሰው ከባሕር የሚመጣውን ሁሉ ይፈራል። እናትሽ ሥራ በዝቶባት ይሆናል የደከመችው፤ አሳርፊያት።

እናታችን ስትሞት እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የሚጠቅማትን ከሐኪምሽ የበለጠ አውቃለሁ።

አላንሰን ጋፕቲል


ዳርክ ሃርበር
ኦክቶበር 5 ቀን 1958

ለእህቴ ለኦርፋ፣

ዳልሱን አቁሚ። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ ሰዓት ጀምሮ አንድ ቅጠል እንዳትቀምሺ። የቆርቆሮውንም ዱቄት ድፊው።

ምክንያቱን እነግርሻለሁ፣ ያለ ምክንያት ስለማትሰሚ። ልጅሽ ጽፋልኝ ነበር። ደብዳቤዋን ሄሪንግ ዓሣ ወደሚጨስበት ቤት ይዤ የሄድኩት ልስቅበት ነው። ጎረቤቴ ሊቪት ዓሣ እየሰነጠቀ ነበር።

«ሊቪት፣ ሐኪም የሚሉት ሰው ሁሉ አብዷል» አልኩት። «ለሰው የጎደለውን መስጠት ይገድላል ይላል።»

ቢላዋውን እንኳ አላስቀመጠም። «እናቴ የገደለችውን መርከበኛ ረሳኸው?» አለኝ።

«እናትህ ማንንም አልገደለችም።»

«ገድላለች እንጂ። አንተም እዚያው ነበርክ፣ ሳህኑን ያቀበልካት አንተ ነህ።»

አንቺ አልተወለድሽም ያኔ። መርከብ ተሰብሮ ሁለት ሰዎች ቋጥኝ ላይ ብዙ ቀን ሲራቡ ከርመው በጀልባ አመጣናቸው። አንዱን የሊቪት እናት ወሰደችው። ሩኅሩኅ ሴት ነበረች፣ የአሳማ ሥጋና ድንች ሙሉ ሳህን አቀረበችለት። ሳይነጋ ሞተ። ሌላውን ማዶ ያለ ቤት በማንኪያ፣ በማንኪያ ሾርባ ሰጡት፣ እሱ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ደሴት ከባሕር የወጣን ሰው በሳህን የሚያበላ የለም። ሁሉም ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ።

አንቺ ካገባሽ ወዲህ ሜዳ ላይ ስትራቢ የኖርሽ ነሽ። እኔ በሳህን አበላሁሽ።

መጽሐፉ ስለ እግር ያለው ስሕተት ነው አልልም። ስለ አንቺ ግን ሐኪሙ ትክክል ነው። የሚልሽን ስሚ።

አላንሰን


ሆልምዴል
ኦክቶበር 19 ቀን 1958

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን አነበብኩት። ጽሕፈቱ ያንተ ነው፣ ቃሉ ግን ያንተ አይደለም። ምን አድርገውህ ነው? ቬርና ለቅሶ በሞላበት ደብዳቤ አድክማህ እንደሆነ አውቃለሁ። ጠየቅኋት፣ አልካደችም። «አዎ ጽፌለታለሁ፣ መልሱ ግን የራሱ ነው» አለችኝ። ሳቅሁባት።

እኔ አንተን አውቅሃለሁ። ክላረንስን ካገባሽ ሠርግሽ ላይ አልገኝም ብለህ ነበር። በሠርጌ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ዝናብ እየመታህ ቆመህ አየሁህ። በሩ ክፍት ነበር። ኮፍያህን አውልቀህ እዚያው ቆምክ እንጂ አልገባህም፣ ምክንያቱም አልገባም ብለሃል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ የሜዳ ሐኪም ቃል «ተሳስቼ ነበር፣ አቁሚ» አይልም። ስለ እኔ ብለህ ራስህን እንድታዋርድ አልፈቅድም።

ስለዚህ አይዞህ። አላቆምኩም። ቬርና ከረጢቱን ልትጥለው ስትል ከእጇ ነጥቄ ፍራሼ ሥር አድርጌዋለሁ። እንዲያውም ቁስሉ ስለሰፋ እፍኙን ጨምሬያለሁ። የቀሩኝ ሁለት ከረጢቶች እስከ ፋሲካ ያደርሱኛል። ስትፈልግ በራስህ ቃል ጻፍልኝ፣ ያንን የቁጣ ቃልህን ናፍቄዋለሁ።

ያንተው ኦርፋ


ዳርክ ሃርበር
ኖቬምበር 1 ቀን 1958

ለኦርፋ፣

በራሴ ቃል ጻፍልኝ ብለሻል። እነሆ።

በዚህ በጋ ዝናብ አላቆመም። ጠጠር ላይ የዘረጋሁት ዳልስ በስብሶ ወደ ባሕር ጣልኩት። ከቦስተን የመጣው ነጋዴ ደረቅ ዳልስ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ የምሰጠው የለኝም። ለአንቺ የላክሁት በተረፈኝ ጊዜ የላክሁት ነው። አሁን አልተረፈኝም። ሁለቱንም ከረጢት፣ ከቆርቆሮው ጋር፣ በመጀመሪያው ባቡር መልሺልኝ። ምን ያህል እንደላክሁ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ከላዩ አትቆንጥሪ።

በዚህ ሁሉ ወራት እየበላሽ ቁስልሽ ካልሻረ ጥፋቱ የዳልሱ አይደለም። ጥሩ ነገር ለማይገባው ሰው አባከንኩት። ከእንግዲህ ሐኪም ጋ ብትሄጂ፣ ባትሄጂ የራስሽ ጉዳይ ነው። እኔ የምነግድበትን ዕቃ ፍራሽ ሥር ለሚደብቅ ሰው ምክር የለኝም።

ሌላ አይላክልሽም። አትጠይቂኝ።

አላንሰን ጋፕቲል


ሆልምዴል
ኖቬምበር 16 ቀን 1958

ለአቶ አላንሰን ጋፕቲል፣

ዕቃዎ በማክሰኞው ባቡር ተልኳል። ሁለቱም ከረጢቶች፣ ቆርቆሮውም። ፍራሽ ሥር የረገፈውን ፍርፋሪ ሳይቀር በመጥረጊያ ሰብስቤ አስገብቻለሁ። በእግሬ መቆም ስለማልችል ተንበርክኬ ነው የሰበሰብኩት። የጎደለው የበላሁት ነው፤ እሱን መመለስ አልችልም።

ይህን የመጨረሻ ደብዳቤዎን ያነበብኩት ለቬርና ጮክ ብዬ ነው፣ ምክንያቱም የእርስዎን እውነተኛ ቃል እንድትሰማ ፈልጌ ነበር። ስጨርስ አላለቀስኩም። በስድስት ዓመቴ እናቴ ስትሞት «እኔ አለሁልሽ» ብለውኝ ነበር። በስልሳ ሁለት ዓመቴ ዳግመኛ ወላጅ አጣሁ፣ በባሕር ቅጠል ምክንያት።

ቬርና ነገ ወደ ትልቁ ከተማ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች። እስኪያክሙኝ ድረስ እየጠበቅሁ እዚያው እተኛለሁ። እሄዳለሁ። ከእንግዲህ እምቢ የምልለት ሰው የለኝም።

አይጻፉልኝ።

ወይዘሮ ኦርፋ ቴት


ዳርክ ሃርበር
ዲሴምበር 7 ቀን 1958

ለቬርና፣

ሳጥኑ ደርሷል። ሁሉም አለ።

እውነቱን ልንገራት ብለሽ ጠይቀሽኛል። አትንገሪያት። በጋው እንዳልዘነበ፣ ነጋዴም እንዳልመጣ ብታውቅ «ይኸው፣ ተገድዶ ነው ብዬ አልነበር» ብላ ተነሥታ ከዚያ ሐኪም ቤት ትወጣለች። አንዴ እውነት ጽፌላት አላመነችኝም። ለማመን የቀረበላት እኔ ክፉ መሆኔን ነበር፣ ያንን ሰጠኋት።

ዕጢው መድኃኒቱን ከተቀበለ በኋላስ ብለሻል። ያኔም አይሆንም። የልቧ ጉዳት እንደማይድን ሐኪሙ ነግሮሻል፣ አንቺም ለእኔ ሳትደብቂ ጽፈሻል፤ በዚህ አከብርሻለሁ። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ድንጋጤ አይጨመርበትም። ደግሞ በንዴት ቀና ብላ ተቀምጣ ሾርባዋን እንደምትጠጣ ጽፈሽልኛል። ያ ንዴት ከደገፋት ይቆይላት። እኔ ምንም አልጎደለብኝም።

መጥተው ይዩአት ላልሽው፣ አይጻፉልኝ ብላለች። ካለችው በላይ አልሄድም።

ስለ እግሯ ግን አደራ። ሁሉም ልቧንና አንገቷን እያየ እግሯን እንዳይረሳው። ቁስሉ በየቀኑ ይታጠብ፣ ፋሻው ከጣቶቿ ጀምሮ ወደ ላይ ይጠቅለል፣ ትራስ እግሯ ሥር ይሁን። ወደ ማሽኑ አትመለስም፤ ይህን አንቺ ንገሪያት፣ በእኔ ስም አይሁን።

በየወሩ መጀመሪያ ጻፊልኝ። አድራሻውን አንቺ ጻፊው፣ ፖስታውንም ከእሷ መሳቢያ አትውሰጂ። ረጅም አታድርጊው። ተሻላት፣ ባሰባት፣ ወይም እንዳለች ናት በዪኝ፣ ይበቃኛል። ሌላ ነገር ከሆነ ወደ ወደቡ ሱቅ ቴሌግራም ላኪ፣ እዚያ ያሉት ያደርሱኛል።

ስለ እኔ አትጠይቅሽም። አውቃታለሁ፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከጠየቀችሽ ግን የወሩን መጀመሪያ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ጻፊልኝ።

አጎትሽ አላንሰን ጋፕቲል